ስድስተኛዋ ጥይት

በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥቤያለሁ። የሙሽራ አምባር፣ የአሮጊት መስቀል፣ ከእናት ለልጅ የተላለፈ የብር ሐብል፣ አንድ ጊዜም የሰው የወርቅ ጥርስ። ጥይት ያጠብኩት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ እጥበት ምክንያት አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሊያጡ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ታሪኩን ለሰው ስናገር ብዙው ይስቃል፤ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ባጃጅ ሐረር በገባ ሰሞን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ በር ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ላይ ትንሽ የወርቅና የብር ሥራ ሱቅ ነበረው፤ ቤታችን ከሱቁ ኋላ ነው። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው መዶሻውንም ሚዛኑንም ለእኔ አስረከበኝ። እኔም እንኳን ተሰጥቶኝ፣ ድሮም የምኮፈስ ነኝ። ገበያተኛ “እርግጠኛ ነሽ?” ብሎ ከጠየቀኝ ዕቃውን መልሼ እጁ ላይ አስቀምጥለት ነበር። አባቴ “ሙያ በልብ ነው ልጄ” ሲለኝ፣ “በልብ ከሆነማ ሱቁን ለምን ከፈትነው?” ብዬ እመልስለታለሁ።

ሱቃችን አንድ ሕግ ነበረው። ለጥገናም ይምጣ ለሚዛን፣ ከዚያ ቤት የቆሸሸ ነገር አይወጣም። ታጥቦ፣ ተወልውሎ ነው የሚመለሰው። የፒንሳ ጥርስ ያረፈበት ብርማ ጨርሶ ነውር ነው፤ ንክሻውን በብርጭቆ ወረቀት ሳያለሰልስ ያስረከበ ሰው በአባቴ ዘንድ ሠራተኛ አይባልም። ይህን ሕግ ያዙልኝ።

አንድ አርብ ከሰዓት፣ ኦቦ ሙሜ ከጁምዓ ሲመለሱ ወደ ሱቃችን ገቡ። ኦቦ ሙሜ በጊደር መጋላ ገበያ በኩል ያለ የአንድ እህል መጋዘን ጥበቃ ናቸው። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ ለዓመታት የዒላማ ተኩስ ያስተማሩ ሰው። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ቀዬአቸው ገብተው ማሽላ ሲያርሱ ቆዩና ወደ ከተማ ተመለሱ። ከአባቴ ጋር በየቀኑ ሻይ ይጠጣሉ። ያን ቀን ግን ሻይም አላሉ። አንድ የቋጠሩትን መሐረብ ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። ሃያ ጥይት ነበር።

“ሚዛንሽ እስከ ምን ድረስ ትለያለች?” አሉኝ።

“የስንዴ ፍሬ ቢያስቀምጡባት ታውቃለች።”

“እንግዲያው እንጀራዬ በእሷ ላይ ነው።”

ነገሩን ለአባቴም ለእኔም አስረዱን። በማግስቱ ጠዋት የየመጋዘኑ ጥበቃዎች በሙሉ የዒላማ ተኩስ ይፈተናሉ። አምስት ጥይት ይተኮሳል፤ አራቱ ከክቡ ውስጥ ያልገባለት ጠመንጃውን አስረክቦ ይሰናበታል። በዕድሜ የገፉትን ለመቀነስ የታሰበ መሆኑን ማንም ያውቃል። ኦቦ ሙሜ ደግሞ የሟች ልጃቸውን አራት ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው።

“ጠመንጃው አሮጌ ምንሽር ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል” አሉ። “ችግሩ ይሄ ነው። ከየማዕዘኑ የተለቃቀመ ሃያ ጥይት ሰጡን። ሃያ አባት ያላቸው ሃያ ልጆች። ከነዚህ አምስት መርጦ መምጣት የራስህ ፈንታ ነው አሉን።”

“ታዲያ በጣም የከበዱትን አምስት ልምረጥልዎ?” አልኩ። ወርቅ ሠሪ አይደለሁ? የከበደ ነገር ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል።

“አቦ፣ ወርቅ አደረግሽው እንዴ!” ብለው ሳቁ። “መንታ ፈልጊልኝ። አምስቱም ወደ ግራ የሚሄዱ ከሆነ እኔ ወደ ቀኝ አነጣጥራለሁ። አምስቱም ዝቅ የሚሉ ከሆነ ከፍ አደርጋለሁ። አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ከሄደብኝ ግን ወላሂ ዓይን ምን ይሠራል?”

ከዚያ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ግርጌያቸው ላይ የታተመውን የፋብሪካ ምልክት ወደ ብርሃን እያዞሩ ያዩ ጀመር። የዛገውን፣ የተጠረመሰውን ወደ ጎን አደረጉ። አንዷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እርሳሱ ከቀለሁ የሚገናኝበትን አንገቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

“አየሽ ይቺን? ፒንሳ ነክሷታል። እርሳሷን ነቅለው፣ ሌላ ባሩድ ሞልተው፣ መልሰው ደፍነዋታል። ምን እንደሞሏት አላህ ይወቀው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ እንዲህ ያለችውን ተኮሰ። የጠመንጃው መዝጊያ ወደ ኋላ ተወርውሮ ቀኝ ዓይኑን ወሰደው።”

“እስቲ ልመዝናት” አልኩ።

“አትመዝኛት። ሚዛን ክብደቷን ነው የሚያውቀው፤ ማን እንደነካት አያውቅም።”

የቀሩትን መዘንኩ። አምስት ፍጹም እኩል የሆኑ፣ ግርጌያቸው ላይም አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ተገኙ። ኦቦ ሙሜ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። አምስቱን በአንድ ትንሽ ሳህን አደረጉና፣ ቤታቸው የልጆች ቤት ስለሆነ ጥይቱ ሁሉ ሌሊቱን እኛ ዘንድ እንዲያድር ጠየቁኝ። “ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት መጥቼ አምስቱን እወስዳለሁ። ሌላውን ከፈተናው በኋላ። ኢንተለ ኮ፣ አማና ነው።” ልጄ ማለታቸው ነው። አማና ደግሞ አደራ ነው፤ ሐረር ውስጥ ያደገ ሁሉ፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ይህ ቃል ሲነገረው ወገቡን ቀና ያደርጋል። እኔም ቀና አልኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሱቁን ልዘጋ ስል ጥይቶቹን አየኋቸው። ጠቁረዋል፣ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ከዚህ ቤት እንዲህ ሆነው ሊወጡ ነው? ጠዋት ኦቦ ሙሜን ሳስገርማቸው ታየኝና ሃያውንም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከትቼ የሎሚ ጭማቂ ጨመቅኩባቸው። አምስቱን ከሌላው ስቀላቅል አንድም አልሰጋሁ። ሚዛን አለኛ! ክብደታቸውን በልቤ ይዣለሁ፤ መልሼ እለያቸዋለሁ። ከሎሚው በኋላ በአመድ አሸኋቸው፣ አለቀለቅኳቸው፣ በጨርቅ አደረቅኳቸው። አንዷ አንገት ላይ ሻካራ ነገር አገኘሁ፤ እጄ ለብቻው፣ ሳላስበው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ አለሰለሰው። የወርቅ ሠሪ እጅ እንዲህ ነው፣ ባለቤቱን አይጠይቅም። ስጨርስ ሁሉም ገና ዛሬ የተፈለፈሉ ይመስሉ ነበር።

መዘንኳቸው። እኩል የሆኑት ስድስት ሆኑ።

እስቲ አስቡት፤ ከሰዓት አምስት የነበረው ስድስት ሆነ። ማንም ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ይጠይቃል። እኔ ግን ያሰብኩት “ኦቦ ሙሜ አንዷን ዘለሏት ማለት ነው” ብዬ ነው። ግርጌያቸው ላይ ያለው ምልክትም አንድ ነው። ከስድስቱ በጣም ያማሩትን አምስት መርጬ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩና ማልደው ሲመጡ እንዲያስረክባቸው ለአባቴ ሰጠሁት። በጣም ያማረችው ደግሞ ያቺ አንገቷን ያለሰለስኳት ነበረች።

ጠዋት ስነሳ ኦቦ ሙሜ መጥተው ሄደዋል። ከአባቴ ጋር ቁርስ ቀረብን።

“ጨርቁን ፈተው ሲያዩ ምን አሉ?” አልኩት፤ ሙገሳዬን ለመሰብሰብ።

“ማሻአላህ አሉ። ተቻኩለው ነበር።”

“ተመልከት እንግዲህ፣ አንዷን እንዲያውም አንገቷ ላይ ፒንሳ ነክሷት ነበር፣ እኔ ነኝ…”

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። አባቴ ዳቦውን አስቀመጠ።

“የቷ?” አለኝ።

ሮጬ የቀሩትን አስራ አምስቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። አባቴ አንድ በአንድ እያነሳ አንገታቸውን በጥፍሩ ዳሰሰ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ብርን የሚያነበው በጥፍሩ ነው። አስራ አምስተኛዋን ሲያስቀምጥ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

“የእጅሽ ሥራ እዚህ ውስጥ የለም። ከእሳቸው ጋር ሄዳለች” አለኝ። “ተነሺ።”

ነጠላዬን እንኳ አልያዝኩም። ሸዋ በር ላይ አንድ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ፈተናው ከአቦከር ሰፈር ወዲያ ካለ ኮረብታ ሥር ነው፤ ኦቦ ሙሜ ትናንት ነግረውናል። ሹፌሩ የሐረር ሰው ነውና አይቸኩልም፣ ለሁሉም ሰላምታ ይሰጣል። ሰፈሩን አልፈን ወደ ሜዳው ስንታጠፍ የመጀመሪያውን ተኩስ ሰማሁ።

“ሰርግ አለ እንዴ?” አለ ሹፌሩ።

ተኩሱን እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ከያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጩኸት ይሰማ እንደሆነ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ማን እንደሚተኩስ አላውቅም። ኦቦ ሙሜ ስንተኛ ተራ እንደሆኑ አላውቅም። ከአምስቱ የትኛዋን ቀድመው እንደሚያጎርሱ አላውቅም። ትናንት ሁሉን አውቅ የነበርኩት ሴትዮ፣ ዛሬ አንድም የማውቀው አልነበረኝም። ሽቅብ ሲሆን ባጃጁ አቃሰተና ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ።

ሜዳው ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል። አንድ ወጣት ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አገደኝ።

“እህቴ፣ ወዴት ነው? ተኩስ ላይ ነን እኮ።”

በትከሻው በኩል አየኋቸው። ኦቦ ሙሜ በደረታቸው ተኝተዋል፣ ጉንጫቸው ሰደፉ ላይ ነው። ተኮሱ። ከዒላማው ጎን፣ ጠቋሚው ከተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ ወጣ፤ ገባ ማለት ነው፣ ነጭ ቢሆን ሳተ። ከኋላ የተቀመጡት ጥበቃዎች “ሦስት ገባላቸው! አንድ ቢጨምሩ አለፉ” ሲባባሉ ሰማሁ። ኦቦ ሙሜ መዝጊያውን ከፍተው አራተኛዋን አጎረሱ። በገመዱ ሥር ሾለክሁ።

“ኦቦ ሙሜ! አይተኩሱ!”

ድምፄ ከኮረብታው ተመልሶ መጣ። ኦቦ ሙሜ አልዞሩም። ጣታቸው ብቻ ከቃታው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ።

ፈታኙ አንድ ሻምበል ነበር፤ ፊሽካውን እየነፋ ወደ እኔ መጣ። እዚያው፣ በሠላሳ ወንድ ፊት፣ ያደረግሁትን ተናገርኩ። “ጥይቶቹን አጠብኳቸው” ስል ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። አንዱ “በኦሞ ነው በሳሙና?” አለ። “ከመካከላቸው የተነካችዋን ቀላቅያለሁ” ስል ግን ሳቁ ረገበ። ኦቦ ሙሜ አልሳቁም። መዝጊያውን ከፈቱ፣ ጥይቷን አወጡ፣ መሬት ላይ ካለችው ከመጨረሻዋ አጠገብ አስቀመጧት። ሁለቱም ያበራሉ።

“ምትክ ጥይት ይሰጣቸው” አልኩ ሻምበሉን።

“ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። አምስት ይዘው ገብተዋል” አለና ወደ ኦቦ ሙሜ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አባት፣ ሦስት ደቂቃ እሰጥዎታለሁ። ያልተተኮሰው እንደሳተ ይቆጠራል። መተውም ይችላሉ።”

ሦስት ገብቷል። አራት ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዷ ዓይን ታጠፋ ይሆናል፣ አንዷ ደግሞ የአራት ልጆች እንጀራ ናት። መንታ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

“የትኛዋ ናት?” አሉኝ ኦቦ ሙሜ። ቁጣ የለበትም፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ።

ተንበርክኬ ሁለቱን አነሳሁ። የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ያለባትን እፈልጋለሁ። ወደ ፀሐይ አዘነበልኳቸው። አንዷ ላይ ጭረት አየሁ። ሌላዋንም አየሁ፤ እሷም ላይ አለ። አመዱም ጭሯቸዋል ለካ። እጄ በላብ ረጥቦ ጥይቶቹ ይንሸራተቱብኝ ጀመር። ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። “ሁለት ደቂቃ ቀረ” አለ።

ያኔ አባቴ ቁርስ ላይ እንዴት እንደዳሰሰ ትዝ አለኝ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥፍሬን በአንዷ አንገት ላይ፣ ቀለሁ በሚያልቅበትና እርሳሱ በሚጀምርበት ቦታ፣ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጥፍሬን የሚይዝ ቀጭን ጠርዝ አለ። ፋብሪካ የሠራው ጠርዝ። ሌላዋን አዞርኩ። ጥፍሬ ምንም ሳይይዘው ሾልኮ አለፈ። ደገምኩት። አሁንም አለፈ። ጠርዙን በልቼዋለሁ።

“ይቺ ናት የተነካችው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

ያን ጥያቄ ስሰማ እንደ ልማዴ አንገቴ ቀና አላለም። “ትናንትም እርግጠኛ ነበርኩ” አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። “ጥፍሬ የነገረኝን ነው የምነግርዎ። ይተዉት ኦቦ ሙሜ። እባክዎ ይተዉት።”

“ብተወው ልጆቹን ምን ላበላቸው?” አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ “ልጄ፣ ዓይኑ ያንቺ ቢሆን በየትኛዋ ትተኩሻለሽ?”

ጠርዝ ያላትን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

አላመነቱም። አጎረሱ፣ መዝጊያውን ዘጉ፣ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አደረጉ። ሻምበሉ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ወሰደኝ። “ቢስሚላህ” ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ እንደዚያ ረዥም ነገር አላውቅም። ዓይኔን መጨፈን ፈልጌ አልቻልኩም። የኦቦ ሙሜ ጀርባ ሲነፋና ሲረግብ፣ ከዚያም ቀጥ ሲል አየሁ።

ተኮሱ።

ጭስ ከአፈሙዙ ወጣ። ከመዝጊያው በኩል ምንም አልወጣም። ኦቦ ሙሜ ራሳቸውን ከሰደፉ ላይ አነሱ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ተከፍቷል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዒላማው ጋ ግን ጨርቅ አልወጣም። ነጩም ቀዩም። ጠቋሚው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ አጎነበሰ፣ በጣቱ ነካካ። ከክቡ ጠርዝ መስመር ላይ ነበር ያረፈችው። ረዥም ጊዜ አየና ጨርቁን አነሳ። ቀይ ነበር።

ከሰዓት ሱቃችን ውስጥ፣ ኦቦ ሙሜ የቀረችውን ጥይት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እርሳሷን በጥንቃቄ ነቀሉ። ውስጧ የነበረውን አባቴ መዳፍ ላይ አፈሰሱት። አባቴ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። ቅንጣቱ ጥቁርና ሻካራ ነው፣ እስከ አፏ ድረስ ተጠቅጥቋል።

“ይሄ የጠመንጃ ባሩድ አይደለም” አለ።

“ድንጋይ የሚፈልጡበት ነው” አሉ ኦቦ ሙሜ። “አልሐምዱሊላህ።” ሻያቸውን ጠጥተው፣ የቀሩትን ጥይቶች ቆጥረው ቋጥረው፣ ሰላም ዋሉ ብለውን ሄዱ። አንድ ቃል አልተቆጡኝም። ምነው በሰደቡኝ አልኩ ያን ቀን።

አንባቢዎቼ፣ ስህተት የሚመጣው ከስንፍና ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ እኔን እዩኝ። እኔ ያጠፋሁት በትጋት ነው። ያልታዘዝኩትን ሠራሁ፣ አሳምሬ ሠራሁ፣ አደጋውን የምትናገረውን ምልክት በገዛ እጄ አለሰልሼ አጠፋሁ። ስድስት ሲሆንብኝም ከመጠየቅ ይልቅ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ዛሬ ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው “ምኑን እንዳልነካው ይፈልጋሉ?” ብዬ ነው። ቁጥር አልገጥም ሲለኝ ሥራ አቆማለሁ። “እርግጠኛ ነሽ?” ሲሉኝም አልቆጣም፤ አንዳንዴ አይደለሁም እላለሁ፣ ያ ቃል ለመውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ፈተናው በየዓመቱ ይደረግ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሚዛኔን ወልውዬ ጠበቅኋቸው። ኦቦ ሙሜ እንደ ወትሮው መጥተው ከአባቴ ጋር ሻይ ጠጡ፤ ስለ ጥይት ምንም ሳይሉ ሄዱ። በማግስቱ ጊደር መጋላ በርበሬ ልገዛ ወርጄ፣ አንድ ቅመም ነጋዴ ሚዛን ፊት አጎንብሰው አየኋቸው። ሚዛኑ የቅርንፉድና የሄል ሚዛን ነው፣ የስንዴ ፍሬ ቀርቶ የባቄላ ፍሬ አይለይም። እሳቸው ግን ጥይቶቹን በትዕግሥት አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ። ሳያዩኝ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። አደራ በዋዛ አይሰጥም፤ አንዴ ከታጣ ደግሞ በዋዛ አይገኝም።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ከሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተቋጠረ መሐረብ አረፈ። ቀና ብዬ ሳይ ኦቦ ሙሜ ናቸው። ቋጠሮውን ፈቱት፤ የጠቆሩ፣ የዛጉ፣ አረንጓዴ የያዙ ሃያ ጥይቶች። በርጩማ ስበው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እዚያው እንደሚቆዩ ገባኝ።

“ኢንተለ ኮ፣ መዝኚልኝ” አሉኝ። “እንዳታጥቢያቸው።”